ማስተካከያ፦ ግንብ አሸዋውን አያድንም

ባለፈው ስለ ባሕር ዳርቻ መሸርሸር ስጽፍ «የድንጋይ ግንብ ከተሠራ አሸዋው ይተርፋል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ግንቡ የሚጠብቀው ከኋላው ያለውን ቤትና መንገድ ነው። አሸዋውንማ ጭራሽ ሊያባብስበት ይችላል፤ ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከሥሩ ያለውን አሸዋ እየጠረገ ይሄዳል፣ ዳርቻውም ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይመጣል።

የተሸረሸረውን ዳርቻ ለመሙላት «አሸዋ አንዴ ከተደፋ በቃ» ያልኩትም ልክ አይደለም። የተደፋው አሸዋም ስለሚታጠብ በየጥቂት ዓመቱ መድገም ያስፈልጋል። ኔዘርላንድስ በ2011 እ.ኤ.አ. ሄግ አጠገብ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ባንዴ የደፋችው፣ ነፋስና ማዕበል ራሳቸው ቀስ በቀስ እንዲያከፋፍሉት አስባ ነው። ደግሞ የአሸዋው ዓይነት ወሳኝ ነው። ከነባሩ በጣም የደቀቀ ከሆነ ባሕሩ ቶሎ ይወስደዋል።

የአካባቢውን ሰው ሥራ አሳንሼ ማለፌ ግን ከሁሉም በላይ ቆጭቶኛል። ዳርቻው ላይ ባለው የአሸዋ ጉብታ ሣር መትከል፣ ነፋስ ያመጣውን አሸዋ የሚይዝ ሳሳ ያለ የእንጨት አጥር ማቆም፣ ሰው ሣሩን እንዳይረግጠው መተላለፊያ መሥራት፣ እነዚህ ቀላል የሚመስሉ ነገሮች ጉብታውን በእርግጥ ያሳድጉታል። ማዕበል ሲበረታ መጀመሪያ የሚመክተው ደግሞ ያ ጉብታ ነው።