የቆርቆሮ ደረሰኝ

ዘንድሮ ለጥምቀት ጎንደር ነበርኩ። በቃና ዘገሊላ ማግስት የሄድኩት ግን ዘመድ ጥየቃ ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። አባታችን ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አራዳ አጠገብ ያለችው ባለ ሦስት ክፍል ቤታቸው እስካሁን አልተከፈለችም። አምስት ወራሾች ነን። ታናሽ ወንድሜ «ጣሪያውን የቀየርኩት እኔ ነኝ» ብሎ የቆርቆሮ ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ይቀርባል። ቀለሙ ለቆ ቁጥሩ አይነበብም። እሱ ግን በየቀጠሮው ይዘረጋዋል፣ ያጥፈዋል።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት የሥራ ባልደረባዬን ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ አንድ ሆስፒታል የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባዮች ነን። ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ በየወሩ መቶ መቶ ዶላር አክሲዮን ትገዛለች። «በዚህ ዕድሜ?» ብዬ ሳቅኩባት። «ለእኔ መቼ ሆነና፤ ለልጅ ልጄ ነው» አለችኝ። አፈርኩ። በ57 ዓመቴ ጀመርኩ።

የምትመርጠው የትርፍ ድርሻቸውን በየዓመቱ የሚያሳድጉ ኩባንያዎችን ነው። ኮካ ኮላ ከ60 ዓመት በላይ ሳያቋርጥ አሳድጓል። ፒያሳ ቆሜ ያቺን ጠርሙስ ስጨልጥ ጠርሙሱን ለባለሱቁ መልሼ እሄድ ነበር፤ ትርፉን የምትካፈለው ለካ ሌላ አገር ያለች አሮጊት ኖራለች! ስሌቱ ቀላል ነው። 10,000 ዶላር በዓመት 3 በመቶ ቢከፍል 300 ዶላር ነው፤ ክፍያው በየዓመቱ 6 በመቶ ካደገ በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ 600 ይሆናል። ያኔ እኔ ልኑር አልኑር ልጆቼ ይኖራሉ። ሁሉም ግን አይታመንም፤ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ስንት ጡረተኛ ተማምኖበት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአንድ አክሲዮን የሚከፍለውን የሩብ ዓመት ክፍያ ወደ አንድ ሳንቲም አወረደው። ስለዚህ በአንድ ኩባንያ ላይ አልተኛም።

እኔን የነካኝ ግን ትርፉ አይደለም፤ ቅጹ ነው። ሒሳቡን ስከፍት «ብትሞት ለማን?» የሚል ቦታ ነበረው። የሦስት ልጆቼን ስምና ድርሻቸውን በመቶኛ ሞላሁ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። በዚህ መንገድ የተመዘገበ ሒሳብ ወራሹ ፍርድ ቤት ሳይረግጥ ይተላለፋል፤ ልጆቼ ቢሸጡትም የትርፍ ግብሩ የሚታሰበው እኔ ከሞትኩበት ቀን ዋጋ ተነስቶ ነው። እኛ ቤት ግን ኑዛዜ ማንሳት ሞት እንደ መጥራት ስለሚቆጠር አባታችንን ደፍሮ የጠየቃቸው አልነበረም። አራት ምስክር ማስቀመጥ ከአሥራ አንድ ዓመት ክርክር ይከብድ ኖሯል?

የእኔም ጉድ አለ። አዘዞ መንገድ ላይ የሠራሁት ቤት ዓሥራ አምስት ዓመት ደመወዜን በልቷል። ሴራሚኩን ሁለቴ አስቀይሬያለሁ፤ ዘንድሮ ስገባ ቧንቧው ፈንድቶ ሳሎኑ ኩሬ ሆኖ ጠበቀኝ። የሚኖርበት የለም። ልጆቼ ጎንደርን የሚያውቁት በሁለት ሳምንት ዕረፍት ነው፤ ለእነሱ የማወርሰው የጥበቃ ደመወዝ ነው።

ወገኔ ወረቀት አያምንም፤ ምክንያትም አለው። በ1967 ዓ.ም. ባንኩም ኢንሹራንሱም ተወረሰ። ግን ትርፍ ቤትም በዚያው ዓመት ተወርሷል እኮ! ቤቱን ይቅር ብለን አክሲዮኑን ብቻ ለምን እንደ ቀየምን አይገባኝም። የውጭ ዜግነት የያዝነው ወገኖች ደግሞ የባንክ አክሲዮናችሁን መልሱ ተብለን፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው እንደገና የተፈቀደልን፤ ያ ቂም ከእኔም አልወጣም። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ግን አክሲዮን የሚገበያዩበት የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮምም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን እያለ ለሕዝብ ሸጧል። ለእህቶቼ ልጆች ይህን ስነግር በትሕትና ሰምተው ስለ መሬት ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ማታ ቡና ላይ ለእታለም፣ ለታላቅ እህቴ፣ ሁሉንም አስረዳኋት፤ በየሦስት ወሩ 120 ዶላር እንደሚገባልኝ፣ እኔ ብሞትም እንደማይቆም። ሲኒዋን አስቀምጣ በጥሞና ሰማችኝ።

«ጥሩ ነው ወንድም ዓለም» አለች። «ስንት ክፍል አለው?»

ክርክሩ ለግንቦት ተቀጥሯል። የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ አየሁ፤ የዓመቱ የትርፍ ድርሻዬ ግማሹን እንኳ አይሞላም።