ክርክር፦ መሪው «በልቤ ሰላም አለኝ» ካለ ይበቃል?

አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪ ጸልዮ በልቡ እርግጠኛ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ግን ገና አልተስማሙም። ይወስን ወይስ ይጠብቅ? በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንዱ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ መጋቢ ነው። ሌላዋ በሙያዋ የሒሳብ ሠራተኛ ስትሆን በአጥቢያዋ በሽማግሌነት ታገለግላለች።

መጋቢው፦

እኔ ይወስን ነው የምለው። እግዚአብሔር በሰው ልብ ሸክም ያስቀምጣል፤ ሸክሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው አንድ ሰው ላይ ነው። ነህምያ ኢየሩሳሌም ሲደርስ አምላኩ በልቡ ያኖረውን ለማንም አልተናገረም። ለሹማምንቱም ለካህናቱም ዝም አለ። የፈረሰው የከተማዋ ቅጥር ግን በ52 ቀን ተሠርቶ አለቀ። መጀመሪያ ሁሉም ይስማማ ቢባል ኖሮ አንድ ድንጋይ የሚነሣ አይመስለኝም።

ከራሳችን ታሪክ ደግሞ ጉዲና ቱምሳን አስቡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ደጋግሞ አሰራቸው። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ የታንዛኒያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሳይቀሩ እጃቸው ነበረበት። እሳቸው ግን መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ያን ጊዜ ጉዳዩ ለድምፅ ቢቀርብ የሚወዳቸው ሁሉ «ይውጡ» ይል ነበር። እሳቸውን ያቆማቸው በውስጣቸው የነበረው ነገር ነው።

ዛሬ ይህ ጠፍቷል። መሪ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር ይፈራል። «እንጸልይበት» እንላለን፤ ጸሎቱ ግን ቀጠሮ ማራዘሚያ ሆኗል። ይህ ያሳዝነኛል።

እህት፦

መጋቢ፣ ስለ ጉዲና ያሉትን አከብራለሁ። ግን በማን ሕይወት ላይ ነው የወሰኑት? በራሳቸው።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበርኩበት አጥቢያ መሪ እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ቆመው «ጌታ ተናግሮኛል፣ በዚህ ዓመት ከኪራይ አዳራሽ እንወጣለን» አሉ። ሽማግሌዎቹ አልተወያዩበትም፣ የቦታው ካርታ እንኳ በደንብ አልታየም። ቁጥሩን አስልቼ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ መሠረቱን ከማውጣት እንደማያልፍ ለመናገር ሞከርኩ። «እህቴ፣ እምነት ጎድሎሻል» ተባልኩ። ሰው የአንገት ሐብሉን አወለቀ። ጉሊት ቸርችራ ልጆቿን የምታሳድግ እናት የደረሳትን እቁብ እንዳለ አምጥታ ሰጠች። ዛሬ ቦታው ላይ የቀረው የዛገ ፌሮ ነው። መሪው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ያቺ እናት አሁንም እዚያው ጉሊቷ ላይ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግን ትታለች። ባለፍኩ ቁጥር ሰላም እላታለሁ። ከዚያ በላይ የምላት ነገር አጣለሁ።

ስለዚህ «በልቤ ሰላም አለኝ» ብቻውን አይበቃኝም። ናታን ነቢይ ነበር። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሠራ አስቤያለሁ ሲለው፣ በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ ብሎ መለሰለት። በዚያው ሌሊት እግዚአብሔር አረመው። ነቢዩም በመልካም ልብ እርግጠኛ ሆኖ ተሳስቶ ነበር፤ ጠዋት ተመልሶ ሄዶ መናገሩ ነው ትልቅ ያደረገው።

ነህምያንም ካነሡ እስከ መጨረሻው እንሂድ። በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር እየዞረ በዓይኑ አየ። ከዚያ ለሕዝቡ ተናገረ፤ እንነሣና እንሥራ ያሉት እነሱ ናቸው። ደግሞ ገዢ ሆኖ ሳለ 12 ዓመት ሙሉ ለገዢ የሚሰጠውን ምግብ አልበላም። ዋጋውን መክፈል ከራሱ ጀመረ።

መጋቢው፦

እህቴ፣ የዚያች እናት ነገር ልቤን ነክቶታል። የተደረገው በደል ነው፤ አልከራከርበትም።

ግን ጉዲና የወሰኑት በራሳቸው ላይ ብቻ ነው ያልሽው ልክ አይደለም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አብረዋቸው ታፍነው ነበር። በኋላም ታስረው ተሠቃዩ፣ ወደ 10 ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። ቤተ ክርስቲያኒቱም መሪዋን አጣች። የመሪ ውሳኔ ሁልጊዜ ሌላውን ይነካል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ለመጻፍ ይከብደኛል። ከዓመታት በፊት የመዘምራን ቡድን ውስጥ የነበረች ልጅ ቢሮዬ መጥታ አንድ አገልጋይ ያደረሰባትን እያለቀሰች ነገረችኝ። ሌሎች ሁለት ልጆችም ስለዚሁ ሰው ተመሳሳይ ነገር ነገሩኝ። እውነት እንደሆነ ልቤ አውቋል። በዚያው ቀን ሰውየውን ከአገልግሎት ማውረድ ነበረብኝ። እኔ ግን ለጉባኤው አቀረብኩት። «የሰው ስም እንዳይጠፋ በጥንቃቄ ይታይ» ተባለ። ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ደግሞ ተላለፈ። 8 ወር ሙሉ ሰውየው መድረክ ላይ ይዘምራል፣ ልጅቷ ከሥር ቁጭ ብላ ታየዋለች። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያን የቀረችው እሷ ናት። እኔ ሥርዓቱን ጠብቄያለሁ። ለእሷ ግን ምን አደረገላት?

እህት፦

መጋቢ፣ ይህን ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። ብዙዎች አይናገሩትም።

ግን ያን ቀን እጅዎ ላይ የነበረው ምሪት ብቻ አልነበረም። ሦስት ልጆች ነግረውዎታል። ማስረጃ ነበረዎት፤ የጎደለው ድፍረት ነው። ሰውየውን ከፊቷ ለማንሣት የማንም ድምፅ አያስፈልግም ነበር። የድሃ እቁብ መሰብሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል «እርግጠኛ ነኝ» ስንላቸው ነው የምንሳሳተው።

ደግሞ አብሮ መወሰን ሁሉ መጓተት አይደለም። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ያውቃሉ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋት፣ መሪዎቿን አሰረ። ያን ጊዜ ምእመናኗ ወደ 5,000 ነበሩ። ሁሉም ነገር በጥቂት መሪዎች ልብ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን እነሱ ሲታሰሩ ያበቃ ነበር። ተራው ምእመን ግን፣ ሴቶችም ጭምር፣ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰበ መራት፣ አስተማረ። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ስትከፈት ወደ 34,000 ደርሳ ነበር። በኢየሩሳሌም ጉባኤም ሐዋርያት ደብዳቤውን የጻፉት ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ነው። «እኛና መንፈስ ቅዱስ ፈቅደናልና» አሉ። እኛ።

መጋቢው፦

«እኛ» ያልሽው ገብቶኛል። ጳውሎስ ግን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ ወንድሞች በመንፈስ ሆነው አትሂድ አሉት፣ አለቀሱ። እሱ ደግሞ በመንፈስ ታስሬ እሄዳለሁ ብሏል። ሄደ። እነሱም የጌታ ፈቃድ ይሁን ብለው ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ድምፅ መቁጠር መልስ አይሆንም። በዚህ አልለወጥም።

በገንዘቡ ግን ረትተሽኛል። ከእንግዲህ የምእመናን ኪስ የሚነካ ነገር ሽማግሌዎቹ ሳያዩት፣ ሒሳቡም ሳይሠራ፣ ከመድረክ አልናገርም። «ጌታ ተናግሮኛል» የሚለውንም እዚያ ላይ አልጠቀምበትም።

ልጅ እያለቀሰች ቢሮዬ ከመጣች ግን ስብሰባ አልጠራም። ሰውየውን በዚያው ቀን አወርዳለሁ፤ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ለጉባኤው በማግስቱ አስረዳለሁ፤ በዚህ ምክንያት ከኃላፊነት ቢያነሡኝም እቀበላለሁ።