ምስጋና በዕጣ

በበዓል ሰሞን ደንበኞቻቸውን የሚያመሰግኑ ድርጅቶች ሁሉ ሊመሰገኑ ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን ከመሀል ከተማው ርቀው፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ የተከፈቱት ትንንሽ ስፖርት ቤቶች ለዚህ ባህል የዋሉት ውለታ ተዘርዝሮ አያልቅም። ትልልቆቹ ድርጅቶች የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰጡ፣ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ሸለሙ እየተባለ ሲወራ፣ እነዚህ ትንንሾቹ ምንም ሳያወጡ የሚሰጡበትን ጥበብ ልብ ብሎ ያየላቸው የለም። እኔ አይቻለሁና ልመስክር።

ነገሩ የሚጀምረው በስልክ መልእክት ነው። በገና ዋዜማ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ስልካችሁ ይንጫጫል። «የተከበሩ አቶ/ወይዘሮ/ወይዘሪት የደንበኛ ስም፣ እንኳን ለገና/ለትንሣኤ/ለአረፋ በዓል በሰላም አደረሰዎ። እርስዎ ለእኛ ልዩ ነዎት» ይላል። አንዳንድ ነገር ፈላጊዎች ስሙ ሳይሞላ ቀረ፣ በዓሉም ሳይመረጥ ተላከ ብለው ያሽሟጥጣሉ። ምቀኝነት ነው። ስምን ከነማዕረጉ ለባለቤቱ ምርጫ መተው እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ሙስሊሙ ጎረቤቴ አረፋ ከመድረሱ ብዙ ወራት አስቀድሞ «እንኳን አደረሰዎ» በመባሉ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም እስከዚያ እንደሚኖር ማረጋገጫ እንዳገኘ ቆጥሮታል። መልእክቱ ደግሞ ማንንም አይረሳም። አንድ ወር ከፍሎ ሁለት ቀን ብቻ ብቅ ብሎ የጠፋውን፣ ሰፈር የቀየረውን፣ አገር ለቆ የሄደውን ሁሉ በየበዓሉ ያስታውሳል። የሥጋ ዘመድ በሚረሳሳበት በዚህ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ልዩ ነዎት» የሚለው ቃል ከልብ የመነጨ ስለመሆኑም አትጠራጠሩ። የስፖርት ቤት ሒሳብ ያልገባው ሰው የሚወደደው ደንበኛ በየቀኑ እየመጣ ብረት የሚያነሳው ይመስለዋል። እሱማ ማሽን ይጨርሳል፤ ላቡን ምንጣፍ ላይ ያንጠባጥባል፤ አልፎ ተርፎም «ዛሬ ውሃ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚወደደው የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከፍሎ «ከሰኞ ጀምሮ» እያለ የሚኖረው ነው። ሃያ ሰው ሲገባበት ክንድ ለክንድ የሚጋጭበት ክፍል ለመቶ ሃምሳ ሰው ደረሰኝ የሚቆርጠው በእርሱ ተማምኖ ነው። የከፈለው ሁሉ ተማክሮ በአንድ ምሽት ቢመጣ የመጀመሪያው ተረኛ ዱምቤል ሲጨብጥ የመጨረሻው ገና ከአስፋልቱ ዳር ተሰልፎ ይገኝ ነበር። ነገር ግን «ስለቀሩልን እናመሰግናለን» ብሎ መጻፍ ነውር ስለሆነ «ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን» ይባላል። ጨዋነት ማለት ይህ ነው።

ቅናሹ ደግሞ ለብቻው ሊወደስ ይገባዋል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ፣ 1,500 ብር የነበረው ወርሃዊ ክፍያ «ከወቅታዊው የገበያ ሁኔታ አንጻር» 2,000 ብር ይሆናል። ማንም አይከፋም፤ ሽንኩርቱም ቅቤውም ጨምሯል፣ ላብ ለምን ይቀራል? ከዚያ ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ በሩ ላይ ቀይ ባነር ይሰቀላል፦ «ታላቅ የገና ቅናሽ! 25 በመቶ!» ከ2,000 ላይ ሩቡ ሲነሳ ስንት እንደሚቀር ልጆቻችሁን ጠይቁ። ዋጋን ባለበት ማቆየትማ ማንም ያውቅበታል። ሽቅብ ወስዶ በባነርና በሙዚቃ ወደ ቦታው መመለስ፣ በመካከሉም ሰውን እልል ማሰኘት ግን ተሰጥዖ ይጠይቃል። የኖረውን ዋጋ ከፍሎ «ተጠቀምኩ» እያለ የሚወጣ ደንበኛ ፊት ላይ የሚታየውን ብርሃን ያየ ሰው በዚህ ጥበብ አይቀልድም።

አንዲት ትንሽ ቅድመ ሁኔታ አለች። ቅናሹ የሚሠራው የዓመቱን ክፍያ ከታኅሣሥ 29 በፊት በአንድ ጊዜ ላጠናቀቀ ብቻ ነው። አሥራ ስምንት ሺህ ብር መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ገንዘብ ተሰብስቦ ቢገኝ ለምን እንደተቀመጠ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለበግ፣ ለዶሮ፣ ለቅቤና ለእንቁላል ነው። ስፖርት ቤቱ ይህን አስቦበታል። የዓመቱን ለሚከፍሉ «ክቡራን ደንበኞች» አንድ ሙክት በግ በዕጣ አዘጋጅቷል። እንግዲህ የበጉን ገንዘብ ለስፖርት ቤቱ ከፍላችሁ፣ በጉን ደግሞ ከስፖርት ቤቱ በዕድል ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ «ጮማ ጠላት ነው» ስትባሉ በከረማችሁበት አዳራሽ!

ስለ አዳራሹም ትንሽ ልበል። የኮንዶሚኒየም ንድፍ ሲወጣ በየግቢው የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲኖር የተደረገው፣ ፎቅ ላይ የወጣው ነዋሪ እንጀራ የሚጋግርበት፣ ልብስ የሚያጥብበትና በበዓል በግ የሚያርድበት ቦታ እንዳያጣ ታስቦ ነበር። የእኛ ሕንፃ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላግሎ ለስፖርት ቤት ተከራይቷል። ለምጣድ በታሰበው ጥግ የመሮጫው ማሽን ቆሟል። ለልብስ ማጠቢያ በታሰበው በኩል ሻወር አለ። ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ፣ እሱም ሲመቸው በመሆኑ፣ ሻወሩ ለበዓሉ የታተሙት ቲሸርቶች ካርቶን ማስቀመጫ ሆኗል። በግቢው ውስጥ ከዚያ የደረቀ ቦታ የለም።

የመሮጫው ማሽን ነገር በተለይ ልቤን ነክቶኛል። «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ረጅም ጊዜ ሆኖት ነበር። ከላብና ከፀሐይ የተነሳ ቀለሙ ደብዝዞ «ለጊዜው» የምትለዋ ጨርሳ ጠፍታ «አይሠራም» ብቻ ቀርታለች። ለገና ሥራ አስኪያጁ ለደንበኞቹ ክብር ሲል ወጪ አወጣ፤ አዲስ ወረቀት አሳተመ። በቀለም የታተመ፣ በላስቲክ የተለበጠ፣ ጥግና ጥጉ ላይ ሻማና ኮከብ ያለበት። «ለጊዜው» ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ተስፋችንም አብሮ ተመለሰ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የምስጋና ዝግጅቱ ተደረገ። ጎማ ምንጣፉ ላይ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፤ ቡናው ተፈላ፤ ፈንድሻው ተበተነ። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል የተጻፈበት የጾም ኬክ በየአቅጣጫው ፎቶ ሲነሳ ቆይቶ ተቆረሰ። ንጉሡ ለሁላችንም አልደረሰንም፤ እኔ «ነው» የምትለዋን ቀምሻለሁ። በጉ የታሰረው ደረት ከሚሠራበት ብረት እግር ላይ ነበር። በነጻነት ቄጠማውን ሲግጥ ቆይቶ ሙዚቃው ድንገት ሲለቀቅ በርግጎ የመሮጫው ማሽን ላይ ወጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ ማሽን ላይ እግር ሲረግጥ ማየት ስሜት ይነካል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ንግግሩ ረዘም ያለ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በቀለም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ አቡክተው፣ መሀሉ ላይ ቱቦ ተክለው ክብደት ከሠሩበት ከመጀመሪያው ዘመን ተነስተው ዛሬ እስከተደረሰበት ከፍታ ተረኩልን። በንግግሩ መካከል ዓይኔ ጥግ ላይ ወደተደረደሩት ክብደቶች ሄደ፤ የቀለም ጣሳዎቹ አሁንም አሉ፣ በአንደኛው ላይ «ለውጭ ግድግዳ» የሚል ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ታሪክን መጠበቅም አንድ ቁም ነገር ነው። «የእናንተ አስተያየት የእኛ ስንቅ ነው» ሲሉ ደግሞ በእጃቸው ያመለከቱት ወደ ሐሳብ መስጫው ሳጥን ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ ስለጠፋ ስንቁ ሳይነካ እስካሁን አለ።

ከዚያ የምስክር ወረቀት። አገራችን ውስጥ የምስክር ወረቀት የሌለበት ምስጋና ጨው የሌለበት ወጥ ነውና ለሁሉም ታድሏል። «የዓመቱ ምርጥ ደንበኛ» ተብሎ በፍሬም የተሸለመው ሰው ከመስቀል ወዲህ በዚያ በር ሲገባ አልታየም፤ ሽልማቱን የተቀበሉለት ባለቤቱ ናቸው። ወይዘሮዋ እንባ ባቀረረ ዓይን «ይገባዋል፤ ሥራ ውሎ፣ ደክሞትም ቢሆን በየምሽቱ እስከ ሦስት ሰዓት እዚህ ነው የሚያመሸው» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አሰልጣኙ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ግን ቅንድባቸውን እንኳን ሳያነሱ «እውነት ብለዋል እትዬ፤ እንደ እሳቸው ያለ ጠንካራ ደንበኛ የለንም» ሲሉ መለሱ። አሥራ ስምንት ሺህ ብር ለእንዲህ ያለ አገልግሎት በዛ የሚል ሰው ካለ ትዳር ምን እንደሆነ አያውቅም።

ቲሸርቱንም ሳልጠቅስ ባልፍ ወቀሳ ነው። መጠኑ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለቀጭኑ ቀሚስ፣ ለወፍራሙ ማዳበሪያ። ጀርባው ላይ የስፖርት ቤቱ ስምና ስልክ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ ታትሟል። ሌላው ዓለም ማስታወቂያ ለሚሸከምለት ሰው ይከፍላል ሲባል እሰማለሁ፤ እኛ ግን ስጦታ ነው ብለን አመስግነን ለብሰነዋል።

ዕጣው ወጣ። የደረሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ አንድ መምህር ነው። ደስታው ጋብ ሲል ጥያቄ ተነሳ፤ በጉ የት ይታረድ? ለእርድ የተሠራው ቤት ያው እኛ ቆመን የምናጨበጭብበት ነው። መምህሩ «እዚሁ ጥግ ላይ ብናርደውስ?» ቢሉ ሥራ አስኪያጁ ስለ ንጽሕናና ስለ ምንጣፉ በትሕትና አስረዷቸው። ስለዚህ ነገ ጠዋት በበረንዳቸው እንዲያርዱት በጉ ዛሬውኑ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ሊፍት የለም። በጉ ደግሞ ደረጃ አልወጣም ብሎ አራት እግሩን ተከለ። መምህሩ ትከሻቸው ላይ ጣሉት። እዚህ ላይ ነው የአሰልጣኙን ሙያ ያየሁት፤ አጠገባቸው እየሮጠ «ጋሼ፣ ወገብዎን ቀጥ! በጉልበት ነው! ትንፋሽዎን አይያዙ! አንድ ፎቅ ብቻ ቀረ!» እያለ እስከ በራቸው አደረሳቸው። ዓመቱን ሙሉ «የግል አሰልጣኝ» ተብሎ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው አገልግሎት በተግባር ሲሰጥ ያየነው ያን ቀን ነው፣ ያውም በነጻ። መምህሩ ላብ በላብ ሆነው ሲወርዱ መታጠብ ፈልገው ወደ ሻወሩ ሄዱ። ሁለተኛ ቲሸርት ይዘው ተመለሱ።

በጉ ፎቶ ሲነሳ ቀንዱን ይዛ ያቆመችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። በየማለዳው ከታችኛው ቦኖ ውሃ በጀሪካን እየቀዳች፣ እኛ የምንጨብጠውን ሁሉ የምትወለውለው እሷ ናት። የምስክር ወረቀት አልደረሳትም፤ ደንበኛ አይደለችማ። በፌስቡክ በወጣው ፎቶ ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ መምህሩ፣ አሰልጣኙና በጉ በግልጽ ይታያሉ። ከእሷ የቀረው ቀንዱን የጨበጠ እጅ ብቻ ነው። እንግዶቹ ከተበተኑ በኋላ ቄጠማውን ስትጠርግ አመሸች፤ በማግስቱ በዓል መሆኑን ሥራ አስኪያጁ አስታውሰው «ነገ አርፍደሽ ግቢ» ብለዋታል።

እኛ ደንበኞችም ውለታ የማንረሳ ሰዎች መሆናችንን ማሳየት ነበረብን። «እነሱ እንዲህ ካከበሩን እኛ ዝም ማለታችን ነውር ነው» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ለጥምቀት ማግስት ሥራ አስኪያጁን ካባ ለማልበስና ዋንጫ ለማበርከት እያንዳንዱ ደንበኛ አምስት መቶ ብር እንዲያዋጣ ተወሰነ። የዓመቱን ከፍለው የማይመጡትም ጭምር ከፍለዋል፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድመው የከፈሉት እነሱ ናቸው። ዝግጅቱ የት ይሁን ሲባል ከራሳቸው አዳራሽ የተሻለ ቦታ እንደሌለ ሁላችንም ተስማማን። ሥራ አስኪያጁም ለደንበኞቻቸው ካላቸው ክብር የተነሳ አዳራሹን በ25 በመቶ የበዓል ቅናሽ ሊያከራዩን ፈቅደዋል።