5 ደቂቃ ዝምታ ብቻ!

ካሜራዬን ባነሳሁ ቁጥር «አነሳህ አይደል? በቃ እንሂድ!» ሲሉኝ አንጀቴ ያርራል። ኧረ አላነሳሁም! ቢራቢሮ ሰውነቷ ሳይሞቅ መብረር አትችልም፤ ዕድሌ በማለዳ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ የምትሞቅባት ያቺ አጭር ጊዜ ናት። በጣም ተጠግቼ ስለማነሳት ደግሞ ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትንፋሼን ውጬ፣ ክርኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ክንፏ ጠርዝ ላይ ያለችውን የጤዛ ጠብታ እያየሁ ልጫን ስል የጉዞ ጓደኛዬ «ምን አገኘህ?» ብሎ ከች! ጥላው አረፈባት፣ ክንፏን ገጠመች፣ አለቀ።

ቤትም ያው ነው። መስኮቱ ላይ ያረፈች ወፍ ላይ ሳነጣጥር በሩ ድው ይላል። ደግሞ እኮ «ለአንድ ወፍ ይሄ ሁሉ?» ይሉኛል! አዎ፣ ለአንድ ወፍ! 5 ደቂቃ ዝምታ ነው የለመንኩት፤ ይህቺን መስጠት እንዴት ያቅታል?