የቀበሌ ምርጫ የት ገባ?

በቅርቡ እኛ ሰፈር ስብሰባ ተጠራ። ስለ ውሃ መስመር ነው ተባለ። አዳራሹ ሞላ፣ ሰብሳቢው በሰዓቱ መጣ (ይመስገን ነው)፣ ዕቅዱን አነበበልን። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ስለ ውሃው የሚጠይቁ መስሎን ነበር። «ልጄ፣ አንተን ማን ነው የመረጠህ?» አሉት። ሰውየው አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ «እማማ፣ እኔ እንኳ ተመድቤ ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ፣ ስብሰባው ቀጠለ። ሲያልቅ ወረቀት ዞረ፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ሪፖርቱ ላይ «ሕዝቡ ተሳትፏል» የሚባለው በዚያ ወረቀት ነው። እኔም ፈርሜያለሁ፣ አልዋሽም።

ያቺ «ተመድቤ ነው» ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ስለ ፌዴራሊዝም ስናወራ ሁሌ የምንሮጠው ወደ አንቀጽ 39 ነው። መገንጠል ይኑር አይኑር፣ ወሰኑ የማን ነው፣ ማን ክልል ይሁን። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ከጸደቀ ጀምሮ ይኸው ክርክር አላበቃም፤ ፌስቡክ ሲመጣ ደግሞ ባሰበት። ትልቅ ጉዳይ ነው፣ አልክድም። ግን እዚያው ሰነድ ውስጥ ማንም የማይጣላባት አንዲት መስመር አለች፤ አንቀጽ 50፣ ንዑስ አንቀጽ 4። ሕዝቡ በታችኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ትላለች። ለእኔ የፌዴራሊዝም ሆዱ ያለው እዚህ ነው። ሥልጣን ከአዲስ አበባ ወጥቶ የክልል ከተማ ላይ ከቀረ እኮ መንገዱ አጠረ እንጂ ደጃችን አልደረሰም።

ገንዘቡን ብቻ ተከተሉት። የፌዴራል መንግሥቱ ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፤ ማን ስንት ያግኝ የሚለውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ የራሱን ገቢ ጨምሮበት በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ያጸድቃል። ልጃችሁን የሚያስተምረው መምህር ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደመወዝ በአብዛኛው የሚወጣው ከዚያ ነው። እንዲያውም የወረዳ በጀት ብዙው ደመወዝ ስለሆነ ለሥራ ማስኬጃ የምትተርፈው ትንሽ ናት። ትንሽ በመሆኗ ነው ደግሞ ማን እጅ ላይ እንዳለች ማወቅ ያለብን።

እሺ፣ ያንን በጀት የሚያጸድቁትን መቼ መረጥናቸው?

የመጨረሻው አገር አቀፍ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ከዚያ በ2010 መካሄድ ነበረበት፤ በጸጥታው ሁኔታ ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፈን የመረጥነው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ነው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋም የከተማ ምክር ቤቶቻቸውን መርጠዋል። የቀበሌው ግን ከዚያም አልነበረም። በ2005 የተወለደ ልጅ ዛሬ ድምፁ እየጎረነነ ነው። የእኛ ድምፅ ግን የት እንደገባ አይታወቅም።

«ያኔስ ቢሆን ምን ምርጫ ነበር?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። በ2000 ለአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ወንበር ተዘጋጀ፤ ሰርግ ነው ምክር ቤት ያሰኛል። ያን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችል ተቃዋሚ ፓርቲ የት ይገኛል? በ2005ም ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች አንሳተፍም ብለው ወጡ፣ ገዢው ፓርቲ ወንበሩን ጠቅልሎ ወሰደው። ግን መጥፎ ምርጫ ነበር ማለት ምርጫው ይቅር ማለት አይደለም። ጥርስ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል እንጂ መብላት አያቆምም።

ሰላም በሌለበት እንዴት ምርጫ ይደረጋል የሚለው ግን ይከብደኛል። ጥይት በሚጮህበት ቀበሌ ኮሮጆ አስቀምጡ አልልም። ነገር ግን ሰላም የሆኑ ወረዳዎችም አሉ፣ እነሱም አብረው ነው የሚጠብቁት። ደግሞ ከብዙ ቦታ የምንሰማው ጸብ መነሻው የመሬት፣ የመታወቂያ፣ የካሳ ነገር ነው፤ ይህን የሚወስነው ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ለአካባቢው ሳይሆን ለመደበው አካል ሲጨነቅ ጸቡ ይበርዳል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

የሚገርመው ደግሞ አንቀጽ 12 ነው። ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ቆንጆ መብት ናት። ግን «በመረጠው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ተመድቤ ነው ያለንን ሰውዬ በየትኛው አንቀጽ ነው የምናነሳው? ሰውየው ለነገሩ ጥፋት የለበትም፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ውሃውም ቢሆን በሳምንቱ ለሁለት ቀን መጥቶልናል።

ስለዚህ በምርጫ ሰሞን ዕጩዎች ሰፈራችሁ ሲመጡ ስለ 39 እንደፈለጋችሁ ተከራከሯቸው። መሃል ላይ ግን የወረዳና የቀበሌ ምርጫ መቼ እንደሆነ ጠይቋቸው። «በቅርቡ» ካሏችሁ፣ ወሩን ይንገሯችሁ።