በረዶ ውስጥ የጠፋችው የመለኪያ ሰሌዳ
ይህን አስተያየት የምጽፍበት ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ዋሽንግተን ላይ የወረደው በረዶ በሬገን አየር ማረፊያ 45 ሴንቲሜትር ብቻ ስለተመዘገበ «ወሬው የተጋነነ ነበር» ማለቱን አልቀበልም። በረዶ በራሱ ክብደት እየታመቀ ቁመቱ ስለሚቀንስ፣ የሚለካው በየተወሰነ ሰዓቱ በሚጠረግ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሆኖ ልኬቱ ይደመራል፤ በዚያ ማዕበል ግን የአየር ማረፊያው ሰሌዳ እዚያው በረዶ ውስጥ ተቀብራ በመጥፋቷ፣ የተመዘገበው ታምቆ የቀረው ቁመት ነው። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ዳለስ አየር ማረፊያ እኮ 82 ሴንቲሜትር ተለክቷል! በወቅቱ ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አርሊንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ከበር ስወጣ በረዶው ከጉልበቴ በላይ ነበር፣ የመኪናዬንም በር ለማግኘት በእጄ ስምስ ቆየሁ። በጽሑፉ ሥር በሰጡት አስተያየት «ቁጥር አይዋሽም» ላሉት ወንድሜም፣ ቁጥሩ እንዴት እንደተለካ አብሮ ቢጻፍ ኖሮ ባልተከራከርን ነበር።