ከ«ቼ በለው» በፊት «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ስሙልኝ

በሰባዎቹ ገናና የነበረው ዋልያስ ባንድ ሲነሳ ወሬው የት እንደሚሄድ ይታወቃል። አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ያነሳል። ሌላው «ቼ በለው» የሚባለው አልበማቸው ኦሪጅናል ሸክላ ውጭ አገር ስንት እንደሚሸጥ ይነግረናል። ሦስተኛው የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ውስጥ ታክሲ ይነዳ እንደነበር ይጨምርበታል። ከዚያ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

እኔ ወደ ኳሱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልል ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» የሚባል አልበም አለ። የወጣው በ1978 በካሴት ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በኔ ጆሮ የዚያ ዘመን የመሣሪያ ሙዚቃችን ቁንጮ እሱ ነው። ከ«ቼ በለው» ይበልጣል። ይህን ስል የሚቆጣ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይቆጣ።

መጀመሪያ ግን «ቼ በለው» የሚገባውን ያግኝ። አልበሙ በ1977 የወጣ ነው። ኃይሉ ኦርጋኑ ላይ አለ። ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና ፍሉት ይነፋል። ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ መላኬ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ ድራም። ግርማ በየነም አለበት። በዚያ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑን ይዞ ተጋብዟል። እነዚህ ሰዎች አንድ ክፍል ገብተው የማይረባ ነገር ይዘው ቢወጡ ነበር የሚገርመው። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ሥራ ደግሞ ከአልበሙ ተነጥሎ የራሱን መንገድ ሄዷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲዎች ውስጥ አስገባው። ዳክታሪስ የሚባሉ የብሩክሊን ልጆች ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ በራሳቸው መንገድ ተጫወቱት። (እነዚህ ልጆች ያንን አልበማቸውን የሸጡት ከናይጄሪያ እንደተገኘ የሰባዎቹ ሥራ አስመስለው ነው። የኛን ሙዚቃ ናይጄሪያዊ መስለው መጫወታቸው እስካሁን ያስቀኛል።)

ታዲያ ይህ ሁሉ ዝና የመጣው በጥራቱ ብቻ ነው? አይመስለኝም። «ቼ በለው» ሸክላ ነው። «ወደ ሐረር ጉዞ» ካሴት ነው። ብዙው ነገር ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ አለው። ሰብሳቢው ዋጋ ያወጣለታል፣ ሽፋኑን ፎቶ ያነሳዋል፣ ይጽፍለታል፣ ይከራከርለታል። ካሴት ግን ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ይጠብሰዋል። ጎረቤት ይዋሰዋል። ቴፑ ይበላዋል። በእስክሪብቶ ተጠምጥሞ ይመለሳል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዘፈን ይቀዳበታል። እኛ አገር ሸክላው ገበያውን ለካሴት የለቀቀው በዚያው በሰባዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተሠራው አብዛኛው ሙዚቃችን በካሴት ነው የቀረው። «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው ነገር ልክ ሸክላው ሲያበቃ አበቃ ተብሎ የሚጻፈው ለምን ይመስላችኋል? ሙዚቀኞቹ ሥራ አላቆሙም። ሰብሳቢዎቹ የሚሰበስቡት ዕቃ ነው ያለቀው።

ወደ አልበሙ እንግባ።

ኃይሉ በዚያን ጊዜ የዋልያስ ሰው ነው። ዋልያስ ደግሞ ሂልተንን ቤቱ ያደረገ ባንድ ነበር። ዲፕሎማት፣ የውጭ እንግዳ፣ ከረባት ያሰረ ሰው የሚገባበት ቤት ነው። ዳህላክ የሚጫወተው ግዮን ሆቴል ነበር። እዚያ የሚመጣው ሰው በዕድሜ ለጋ፣ በዳንስ ደግሞ ሞቅ ያለ ነበር። ኃይሉ ከራሱ ባንድ ወጣ ብሎ ከነዚህ ልጆች ጋር ግዮን ክለቡ ውስጥ ቀዳ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የታወቀ የባንድ ሰው የራሱን ቡድን ትቶ ከሌላ ሆቴል ባንድ ጋር አልበም ሲሠራ አስቡት። የፈለገው ሌላ ድምፅ እንደነበረ ጆሮ ይመሰክራል።

የዋልያስ አሠራር የተለካ ነው። ሁሉም መሣሪያ ቦታውን ያውቃል። ነፋሾቹ በሰዓቱ ይገባሉ፣ በሰዓቱ ይወጣሉ። «ወደ ሐረር ጉዞ» ላይ ግን ነገሩ ይላላል። ግሩቩ ሰፋ ይላል። ጊታሩ ዋዋውን (ድምፁን «ዋ ዋ» የሚያሰኘውን ፔዳል) እየረገጠ ይመላለሳል። ቤዙ ቸኩሎ የትም አይሄድም። ኦርጋኑ ደግሞ ድምፃዊ ሆኗል። እዚህ ላይ ነው ኃይሉን ኃይሉ ያደረገው ነገር ያለው።

«እምቧ በይ ላሚቱ»ን ክፈቱና ኦርጋኑን ብቻ ተከተሉ። ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግጥሙን ለማስታወስ አንቸገርም። ኃይሉ ዜማውን ሲይዝ ግን ኖታውን እየቆጠረ የሚጫወት ሰው አይመስልም። ዘፋኝ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ጣቱን ያነሳል። ዘፋኝ ቃሉን የሚጎትትበት ቦታ ላይ ይጎትታል። አንዳንዴ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያው የኛ ዘፋኞች ጉሮሯቸው ላይ እንደሚያደርጉት። አጃቢዎቹ ሰፊ ሜዳ ትተውለታል። ማንም አይሻማውም። «ባቲ ባቲ» ላይም እንደዚሁ ነው። ባቲ ቅኝት መቼም በቀላሉ ወደ ልመናና ወደ ለቅሶ ያጋድላል። እዚህ ግን እንቅስቃሴ አለው። ወገብ ይነካል።

ድምፁ ጥቂት የታፈነ ነው። አልክድም። የካሴት ሹክሹክታው ይሰማል። ከፍ ያለው ድምፅ ይቆረጣል፣ ዝቅ ያለው ይድበሰበሳል። ለንጹሕ ቅጂ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ቅር ሊለው ይችላል። ለኔ ግን ያው እጥረቱ የቤቱን ስፋት ይነግረኛል። ሰዎች ተሰባስበው አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚጫወቱ ይታወቃል። ዛሬ በየኮምፒዩተሩ አንድ በአንድ እየተቀዳ የሚገጣጠመው ሥራችን ይህንን ነገር አጥቷል።

ስለ ዘመኑም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። 1978 ደርግ በሰዓት እላፊ ከተማውን የዘጋበት፣ የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ማታ የወጣ ሰው እላፊው ከደረሰበት ቤቱ አይገባም። ስለዚህ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው። ባንዱም እንደዚሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተጫውተው ሲነጋ ነው የሚለያዩት። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ያልፋል። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ግን ምን ተብሎ ይሰረዛል? ያኔ ለሙዚቀኛው የቀረው ሰፊ ቦታ ይኸው ነበር።

ርዕሱስ? ሐረር ከ1977 መጨረሻ ጀምሮ በሶማሊያ ጦር ተከብባ ነበር። የካራማራው ድል የተገኘው በማርች 1978 ነው። በዚያን ሰሞን ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው ሰው ማን እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። አልበሙን የጦርነት አልበም ላደርገው አልፈልግም፤ አይደለምም። ሙዚቃው ውስጥ ፉከራ የለበትም፣ ሽለላ የለበትም። ግን የዚያን ጊዜ አድማጭ ሽፋኑ ላይ «ወደ ሐረር ጉዞ» የሚል አንብቦ ዘማች ወንድሙን ወይም ልጁን ሳያስብ ማለፉ የሚከብድ ይመስለኛል። በዚያ ሁሉ የማርሽ ጩኸት መሃል እንዲህ የተረጋጋና የሚያስጨፍር ነገር መሠራቱ ራሱ ይደንቀኛል።

ከዚህ ሌላ «ትዝታ» የሚባለውም የዋልያስ ካሴት አለ። በ1975 የተሠራ ነው። ከ«ቼ በለው» ሁለት ዓመት ይቀድማል። «ጉም ጉም»፣ «ነፋስ ነው ዘመዴ»፣ ሌሎችም ሕዝብ የሚያውቃቸው ዜማዎች በመሣሪያ ተሠርተውበታል። እንደ «ወደ ሐረር ጉዞ» አይማርከኝም። ትንሽ ጨዋ ነው። ቢሆንም ባንዱ «ቼ በለው» ላይ እንዴት እንደደረሰ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚህ ያገኘዋል። በድጋሚ የታተመው ገና በ2021 ነው። አርባ ስድስት ዓመት!

አሁን ወደ ታክሲው።

ታሪኩ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ዋልያስ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካን ሲጎበኙ ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ተቀመጠ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና የሪትም ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ አልበም ሠራ። «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ነው። ከዚያ ታክሲ ገባ። ለዓመታት እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ወረፋ ላይ ቆሞ ይለማመድ ነበር። ብሪያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካሴቱን አገኘና በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ዓለም ኃይሉን አገኘ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ።

በዚህ ማን ይከፋዋል? ችግሩ ታሪኩ ሙዚቃውን ዋጠው። የውጭ ጋዜጠኛ ሁሉ ጽሑፉን የሚጀምረው ከታክሲው ነው። እኛም ከነሱ ቀድተን ያንኑ መልሰን እናወራለን። «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 በዚያው አሳታሚ በድጋሚ ሲወጣ የሚያስጮህ ታሪክ አልነበረውም። ጠፍቶ የተገኘ ሰው የለም፣ ሹፌር የለም። ጥሩ ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ «ያ የታክሲው ሰውዬ ሌላም አልበም አለው» ተብሎ ታለፈ። ዳህላኮች ደግሞ ከነጭራሹ ተረሱ። የዋልያስን ልጆች ስም አንድ በአንድ የሚጠራ ሰው፣ የዳህላክን ጊታሪስት ጥሩ ሲሉት ዝም ይላል።

የውጭውን ሰው ብቻ መውቀስ ግን አይቻልም። እኛም አለንበት። ግጥም የሌለውን ሙዚቃ «ክላሲካል» እንለዋለን፣ ከዚያ ከጀርባ እናስቀምጠዋለን። የሬዲዮ ማስታወቂያ ሥር ይገባል። ዜና እስኪጀምር ይሞላል። ሠርግ ላይ ምሳ ሲበላ ይለቀቃል። ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲያገኘው የሚጽፈው አስተያየት «ዘፋኙ ማን ነው?» የሚል ነው። ዘፋኝ የለውም ወንድሜ። እሱ ነው ነገሩ።

ዘፋኝ ያለበት ሥራ ላይም ባንዱ ከተጠቀሰ ዕድለኛ ነው። ማህሙድ አህመድ «ኤሬ መላ መላ»ን ሲጫወት ከኋላው አይቤክስ ባንድ እንዳለ ስንቱ ያውቃል? ከነዚሁ ሰዎች ሮሃ ባንድ ወጣ፤ ሮሃ ደግሞ በሰማንያዎቹ ስንቱን ድምፃዊ እንዳጀበ ቤት ይቁጠረው። አይቤክስ በ1976 በመሣሪያ ብቻ የራሱን አልበም ሠርቷል። እሱንም ጠይቁና እዩ፤ አሥር ሰው ጠይቃችሁ አንድ ካወቀ ትልቅ ነገር ነው። ካሴቱ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ሽፋኑን ይሞላል፣ የባንዱ ስም ታች በቀጭኑ ይጻፋል። አንዳንዱ ላይማ እሱም የለም።

ስለዚህ የኤፍኤም ልጆች፣ ነገሩ ለናንተ ነው። ከዚሁ አልበም «ምግብማ ሞልቷል»ንም ሆነ «አንቺን ክፉ አይንካሽ»ን ከወሬያችሁ ሥር ስትለቁት እንሰማለን። ጥሩ ጆሮ አላችሁ። ግን አንድ ቀን ወሬውን ትታችሁ እስከ መጨረሻው ልቀቁት። ሲያልቅም «ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ፣ ግዮን ሆቴል፣ 1978» በሉ። ከዚያ ወደ ማስታወቂያችሁ ተመለሱ።